«ንጹሕ» ያሉን አላከበሩንም

ስለ ወንጀል ልብ ወለድ ወሬ በተነሣ ቁጥር ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ያድራል። ጓደኛሞች ዕፅ ሲነግዱ፣ ገንዘቡ ሲጥማቸው፣ በመጨረሻም አንዱ ሌላውን አሳልፎ ሲሰጥ የሚያሳይ ታሪክ የፈረንጅ ነው ይባላል፤ ቢበዛ ቢበዛ የቦሌና የመርካቶ ነው። የዋግ ከተማ ሰቆጣን በመሰለ አገር ቦታ የለውም። እዚያ ሰው ጽዋ ይጠጣል፣ በወንፈል ያርሳል፣ ቢጣላ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ክህደት ከከተማ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነው። እንዲህ የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይሉታል፣ ሐያስያን ይሉታል፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው አገራቸው የሚናፍቃቸው የዋግ ልጆች ደግሞ ከሁሉም አብልጠው ይሉታል። ሲሉትም ያመሰገኑን ይመስላቸዋል።

እኔ ምስጋናውን አልቀበልም። የወንጀል ልብ ወለድ፣ ያውም በወዳጆች መካከል ስለሚደረግ ክህደት የሚጽፈው ዓይነት፣ ለዋግ ደጋ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። ባዕድ ነው የሚሉት ሰዎች ዋግን አያውቁትም፤ ወይም ያውቁትና ማወቃቸውን ይፈሩታል።

እስቲ ስለ ሰቆጣ የሚጻፈውን አገላብጡት። ግማሹ የረሃብ ጽሑፍ ነው። የ77ቱን ድርቅ ሳያነሣ የሚያልፍ ዘገባ ጥቂት ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ሲሰየም፣ የከተማይቱ ስም ከምግብ እጥረት ጋር በይፋ ተጋባ። ዓላማው ደግ ነው፤ ስሙ ግን ከዓላማው በላይ ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ እሰጋለሁ። ሌላው ግማሽ የቅድስና ጽሑፍ ነው፦ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ በውስጡ የተቀመጠው የዋግ ገዥዎች የዋግሹሞች አፅም፣ የዛጉዌ ዘር፣ ካህናቱ፣ ነጭ ማሩ። በሁለቱም ዓይነት ጽሑፍ የዋግ ሰው ወይ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል ወይ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል። ተንኮል የሚያስብ የለም። የአበልጁን ገንዘብ የበላ፣ የጓደኛውን ሚስት የተመኘ፣ ወንድሙ በተሾመ ማግስት እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም።

እንዲህ ያለው ንጽሕና ስድብ ነው። ክፉ መሆን የማይቻለው ሰው ደግ ሲሆንም ምስጋና አይደርሰውም፤ በግ አልሰረቀም ብሎ የሚያሞግሰው የለም። አዲስ አበቤው በልብ ወለድ ውስጥ ይዋሻል፣ ይከዳል፣ ይጸጸታል፣ ከራሱ ጋር ይሟገታል። የዋጉ ሰው ግን ስንዴ ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛው ነው ሙሉ ሰው የሆነው?

በመጀመሪያ ዕፁን ከመንገዳችን እናንሣው። «ሰቆጣ ምን ዕፅ አለና!» ሲሉ ክርክሩን የጨረሱ የሚመስላቸው አሉ። ለመሆኑ በዕፅ ነጋዴዎች ታሪክ ውስጥ ዕፁ ሥራው ምንድን ነው? ስለ ኮኬይን አሠራር ሊማር መጽሐፍ የሚገዛ አንባቢ የለም። ዕፁ የሚያስፈልገው ፍርድ ቤት ፊት ሊቀርብ የማይችል ሸቀጥ ስለሆነ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት አደንዛዥ ዕፅ ማምረትም ማዘዋወርም ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እንግዲህ ሻሸመኔ ላይ አንዱ ለጓደኛው አንድ ማዳበሪያ ሐሺሽ አስረክቦ ጓደኛው «አልተቀበልኩህም» ቢለው ወዴት ይሄዳል? ክስ አይመሠርትም፣ ምስክር አይቆጥርም፣ ደረሰኝ አያወጣም። ያለው ጓደኛው ብቻ ነው፤ ውሉም፣ ባንኩም፣ ዋሱም እሱ ነው። ከብራዚል በመጣ ሻንጣ ኮኬይን ተገኝቶባት ቦሌ ላይ የምትያዝ ልጅም ነገሯ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፦ ሻንጣውን ያሲያዛት የምታምነው ሰው ነው።

የዘውጉ ጉዳይ ይኸው ነው። ሕግ በማይደርስበት ቦታ ወዳጅነት የሕግን ሸክም በሙሉ ይሸከማል። ጥሩ ደራሲ ቁጭ ብሎ የሚያየው ያ ወዳጅነት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቃል፣ በስንት ብር ላይ እንደሚሰበር ነው። ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ሰቆጣ ኑ።

ሰቆጣ ከጥንት የንግድ ከተማ ናት። ከአፋር ጨው ሜዳ የተቆረጠ አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን ወጥቶ የሚሸጥባት ገበያ ነበረች። ያን ሁሉ ጨው ገደል ለገደል ያሻገረው ሲራራ ነጋዴ የያዘው ሰነድ አልነበረም፤ ቃል ነበር የያዘው። ዛሬ ስሟን የሚያስጠራው ሸቀጥ ማር ነው፤ የማሩን ንግድ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ገበሬው ከቀፎው የቆረጠውን ነጭ ማር በባልዲ ይዞ ይመጣል። ነጋዴው በእንጨት ጫፍ ነክቶ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ክሩ ሳይበጠስ ምን ያህል እንደሚወርድ ያያል፤ ከዚያ ይቀምስና ምላሱ ላይ ስኳሩን ይፈልጋል። ከተስማማው ክዳኑ ይታሸጋል፣ በማርከር ስም ይጻፍበታል፣ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። አዲስ አበባ የሚቀበለው ሰው የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፣ ወይም አበልጅ ነው፣ ወይም አንድ ማኅበር የጠጡ ናቸው። ገንዘቡ ማሩ ሲሸጥ ይላካል። ውሉ የት አለ ብላችሁ ብትጠይቁ «እሱ እያለ ውል ምን ያደርጋል!» ትባላላችሁ። ወረቀት እንፈራረም ያለ ሰው ወዳጁን እንደ ሰደበ ነው የሚቆጠረው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት። አዲስ አበባ ያለው ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ገንዘብ ያጥረዋል፤ ባልዲውን ይከፍትና ማሩን በስኳር ይበርዘዋል። ደንበኛው ተቆጥቶ ሲመለስ «እኔ ምን ላድርግ፣ ከሰቆጣ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ይላል። ወሬው ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ለመድረስ አውቶቡስ አይጠብቅም። ሰቆጣ ያለው ነጋዴ ስሙን ያጣል፤ ያጣውም ልጁን ክርስትና ባነሣለት ሰው ነው። ሄዶ እንዳይከሰው ውል የለውም፤ እንዳይጣላው አበልጁ ነው፤ ዝም እንዳይል ገበሬዎቹ ደጁ ላይ ቆመው ገንዘባቸውን ይጠይቁታል። ከዚህ በኋላ ያለው ሦስት መቶ ገጽ ነው። ሽጉጥ እንኳ አያስፈልገውም።

የሰሜኑ ጦርነት በመጣ ጊዜ ደግሞ ይህ ሁሉ እጥፍ ድርብ ሆነ። ባንክ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲቆረጥ ገንዘብ የሚሄደው በሰው ኪስ ነበር። የታመመ መድኃኒት የሚያገኘው «እኔ አመጣልሃለሁ» ባለው ሰው አፍ ነበር። ማን አደረሰ፣ ማን መንገድ ላይ በላው፣ ማን «ኬላ ላይ ተወሰደብኝ» ብሎ ማለ፣ ማንስ ሰላም በወረደ በዓመቱ የቆርቆሮ ቤቱን አድሶ ታየ፤ ይህን ሁሉ ጠላ ቤት የገባ ሰው ሳይጠይቅ ይሰማዋል። ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው «ባህላችን አይደለም» የሚባለው።

የወንጀል ምርመራ ከሸርሎክ ሆምስ ጋር የመጣ የሚመስላቸው ካሉ ስለ አውጫጭኝ ላንሣላቸው። ሌላው አገር አፈርሳታ የሚለው ነው። በሬ ተሰርቆ፣ ጎተራ ተቃጥሎ፣ ሰው በሌሊት ተገድሎ ሲገኝ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ይጠራል። የቀረ ይቀጣል፤ መቅረቱም ያስጠረጥረዋል። እያንዳንዱ በተራው እየማለ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል። ነገሩ ካልወጣ ጉባኤው አይፈታም፤ እርሻ ይፈታል፣ ከብት ሳይጠጣ ይውላል። ጥፋተኛው ጭራሽ ካልተገኘ ኪሣራውን አገሩ ያዋጣል። እዚያ ከተሰበሰቡት መካከል ደግሞ «ወፍ» አለ፦ ማንነቱ ለሽማግሎቹ ብቻ የሚታወቅ፣ ያየውን በምሥጢር የሚናገር ሰው።

ወፉ ማን ይሆናል? ጎረቤቱ በእኩለ ሌሊት ከቤቱ ሲወጣ የሚያይ፣ ሲመለስ ጫማው ጭቃ መያዙን የሚያውቅ፣ የተሰረቀው በሬ ሥጋ በየትኛው ድስት እንደ ተቀቀለ የሚናገር ማን ነው? ባዕድ ሰው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ወዳጅ ነው፤ አብሮ የጠጣ፣ አንዳንዴም አብሮ የሰረቀ። የተጋለጠውም ሰው ዕዳውን ከፍሎ እዚያው መንደር ይኖራል፤ በየማኅበሩ አብረውት ከሚጠጡት መካከል ወፉ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ዕድሜውን ይፈጃል። የከተማ ፖሊስ «ጠቋሚ» የሚለው፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ የደነገገለት ሰው፣ እኛ ዘንድ አዋጁ ሳይወጣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። የአሜሪካ የወንበዴ ፊልም ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ በአንድ ሰው ዙሪያ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህን ገብቶት «ዘ አፈርሳታ» የሚል የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጽፏል፤ አንድ ጎጆ ሌሊት ይቃጠላል፣ መንደሩ በሙሉ አቃጣዩን ሊያወጣ ይሰበሰባል። መቼቱ ጉራጌ አገር ነው፣ ያሳተመው የለንደኑ ሃይንማን ነው። እዚህ እኛ በአማርኛ «ገጠር ለወንጀል ታሪክ አይመችም» እያልን ስንከራከር ገጠሩ ለንደን ድረስ ሄዶ ታትሟል።

ዕፅ ካልገባበት ዘውጉ አይሞላም ለሚል ደግሞ ሌባ ሻይ አለለት። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ትንባሆ ያጨሳል፣ ወገቡ ላይ በጨርቅ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። መንግሥት በኋላ ከለከለው እንጂ በአገራችን የታወቀ የምርመራ ስልት ነበር። የሰከረ ሕፃን፣ የጨርቁን ጫፍ የያዘ አዋቂ፣ በሩን ዘግቶ የሚጠብቅ መንደር። ጨርቁን የያዘው ሰው በዚያ ሰሞን ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር መጠየቅ የሚችል ደራሲ ሴራ ፍለጋ ሜክሲኮ ድረስ አይሄድም።

ቁራኛውንስ? ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ዳኛ እስኪያገኙ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ትናንት ጓደኛሞች የነበሩ፣ ዛሬ አንዱ ሌላውን በክህደት የከሰሰ ሁለት ሰዎች በዚያ ቋጠሮ ከዋጉ ዝቋላ ቆላ ተነሥተው ሰቆጣ እስኪደርሱ ምን ይነጋገራሉ? የመጀመሪያውን ቀን ምናልባት ምንም። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዱ ውኃ ይጠማዋል፤ ምንጩ ጋ ለመድረስ ሁለቱም አብረው መውረድ አለባቸው። ይህን አንድ ምዕራፍ በአሥር የመኪና ማሳደድ አልለውጠውም።

ታሪክ ከተፈለገም ሩቅ አያስኬደንም። የዋግሹም ጎበዜን አባት፣ ዋግሹም ገብረ መድኅንን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቀሏቸው። ልጁ ሸፈቱ፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባላንጣቸው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ቀድሞ ገብረውላቸው የነበሩ ናቸው፤ የካሣ እኅት ድንቅነሽ ምርጫ ደግሞ የተክለ ጊዮርጊስ ሚስት ነበሩ። እንግሊዛዊው ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ አማቾች አድዋ አጠገብ ተገናኙ፤ በሠራዊት ብዛት የሚበልጡት ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው ቀሪ ዕድሜያቸውን በእስር ጨረሱ፣ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ታሪክ ጸሐፊዎች የመድፉንና የሠራዊቱን ቁጥር ይነግሩናል። እኔ ደግሞ በአንድ ቤት የሚበሉ ሁለት ሸሪኮች ይታዩኛል፤ ከውጭ የመጣ ሰው ለአንዱ ብቻ ጥሎለት የሄደ ሸቀጥ ይታየኛል፤ በሁለቱ መካከል የቆመች፣ ማንም ቢያሸንፍ የምትሸነፍ ሴት ትታየኛለች። ድንቅነሽ በዚያ ክረምት ለወንድማቸው መልእክት ልከው ነበር? ለባላቸውስ የነገሯቸው ነገር ነበር? ይህን የታሪክ ሰነድ አይመልሰውም፤ ልብ ወለድ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። የአማርኛ አንባቢን በስለላና በክህደት ታሪክ እንቅልፍ የነሡት ሰው ከየት ነበሩ? ማሞ ውድነህ በ1923 ዓ.ም. የተወለዱት ዋግ ውስጥ አምደ ወርቅ ነው። ወላጆቻቸውን ገና በሕፃንነታቸው በፋሺስት ወረራ አጡ። «የካይሮ ጆሮ ጠቢ»ንና «ሰላዩ ሬሳ»ን የመሰሉ ትርጉሞቻቸው ሽፋናቸው እስኪላጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል። ባንዳና አርበኛ ከአንድ ማዕድ በተነሡበት ዘመን ያደገ የዋግ ልጅ ክህደትን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተማረ ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። እኔ የሚመስለኝ፣ የካይሮውን ሰላይ ሲያነቡ አምደ ወርቅ የሚያውቁት ሰው ትዝ ብሏቸዋል።

«ታዲያ ለምን ካይሮን ተረጎሙ እንጂ ሰቆጣን አልጻፉም?» ይባል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ስለ ባህላችን የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ስለ ሳንሱር ነው። በዚያ ዘመን የሩቅ አገር ሰላይ ማንንም አያስቆጣም። የቅርቡን የጻፈ ምን እንደሚደርስበት በዓሉ ግርማ አሳይቶናል፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» አስመራ ላይ ስለተደረገ ስለላ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ክህደት የተጻፈ ነው። ያን ያየ ደራሲ ታሪኩን ካይሮ ቢያሻግረው ማን ይፈርድበታል? አሁን ያንን ጥንቃቄ እንደ ተፈጥሯችን ቆጥረን «የወንጀል ታሪክ መቼቱ ውጭ አገር ነው» እንላለን። ፈርተን የተውነውን ነገር «ጨዋነታችን ነው» እያልን እንኮራበታለን።

አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚዎቼ እሰጣቸዋለሁ። ዛሬ በአማርኛ የሚወጣው የወንጀል ልብ ወለድ አብዛኛው ደካማ ነው። አለቃው በሚሽከረከር ወንበር ተቀምጦ ውስኪ ይቀዳል፣ መርማሪው ረጅም ካፖርት ለብሶ በጥቅምት ፀሐይ አዲስ አበባን ይዞራል፣ ጓደኛ ጓደኛውን መጨረሻው አካባቢ በድንገት ይከዳዋል፣ ምክንያቱም ደራሲው መጨረሻ አስፈልጎታል። ክህደቱ አያምም፤ አብረው ሲበሉ አላየናቸውምና። ነገር ግን ይህ የመኮረጅ ድካም እንጂ የዘውጉ ድካም አይደለም። መድኃኒቱም ዘውጉን መተው ሳይሆን ወደሚያውቁት አገር ማምጣት ነው። ይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለዱን «ዴርቶጋዳ»ን ወደ ጣና ገዳማት ሲያመጣው ያልተስማሙበት ብዙ ሐያስያን ነበሩ፤ አንባቢው ግን ደጋግሞ አሳተመው። አንባቢው የሴራ ረሃብተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ውኃና የሚያውቀው ደብር ውስጥ ምሥጢር ሲገባበት ስላየ ነው።

«ወጣቱን ወንጀል ያስተምራል» ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም። አገር በሙሉ ተሰብስቦ «ሰው ለሰው» ድራማን ሲያይ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እየጠላ ሳምንቱን ሲጠብቅ፣ ክፋት ተምሮ የወጣ አላየሁም። ያየሁት በማግስቱ በየታክሲው «እሱን ያመነው ሰው ምን ነክቶት ነው?» እያለ የሚከራከር ሕዝብ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱን ሰቆጣ ላይ ከማከብራቸው ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። «ቁስሉ ገና ነው» ይላሉ። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀለ ሰው ገና ቤቱ አልገባም። ማን ማንን ጠቆመ የሚለው ወሬ ዛሬም ሰው ያስገድላል፤ አንድ ስም በተሳሳተ ጆሮ ከገባ ቤት ይቃጠላል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ክህደት መጻፍ በደረቅ ሣር ላይ ክብሪት መጫር አይደለምን? ሽማግሎቹ «ይቅር ለእግዜር» አስብለው የዘጉትን ደራሲ ለምን ይከፍተዋል?

ይህን የሚሉኝን ሰዎች ስለማከብር መልሴን አላለዝበውም። ክብሪቱን የጫረው ወሬ ነው። ወሬ ስም ይጠራል፤ የአባትና የአያት ስም ጨምሮ፣ ሰፈሩን ጠቁሞ። ልብ ወለድ ደግሞ የማንንም ስም አይጠራም፤ ያልተወለደ ሰው ወልዶ ያንን ሰው ውስጥ ገብቶ ያያል። ሽምግልናችን ትልቅ ነገር ነው፤ ደም አድርቋል። ግን አንድ የማያደርገው ነገር አለ። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሣ ይከፍላል፤ ለምን እንዳደረገው ግን ማንም አጥብቆ አይጠይቀውም፤ ጥያቄው እርቁን ያፈርሳል ተብሎ ይፈራል። የከዳው ሰው ጓደኛውን አሳልፎ የሰጠው በፍርሃት ነው? በአንድ ኩንታል እህል ነው? ወይስ ከሃያ ዓመት በፊት ሠርግ ላይ በተነገረ ቀልድ? እርቁ ሲያልቅ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ከሰዎቹ ጋር ቤታቸው ይገባል።

ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ እሱን የማያሟላ ጨርሶ ባይታተም እመርጣለሁ። ከዳተኛው ሁልጊዜ ከወዲያ ማዶ የመጣ፣ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ፣ የሌላ ወገን ሰው ከሆነ ያ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ የጦርነት ጊዜ መግለጫ ነው። መግለጫ ደግሞ በቂ አለን። ስለ ዋጉ አርበኛ ስለ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ እንኳ የምናወራው ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ገድሎ አንገታቸውን እንደ ቆረጠ ነው፤ ጀግንነታቸውን እናወድሳለን፣ ጠላትን እንረግማለን፣ እዚያ ላይ እናቆማለን። በዚያ ሰሞን በአገሬው መካከል ማን ምን ይነጋገር እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር መኝታ ለይቶ እንዳደረ የሚያስብ ደራሲ ገና አላገኙም። የወንጀል ልብ ወለድ ጥቅሙ ጣቱን ከቤት ውጭ እንዲቀስር አለመፍቀዱ ነው። ገዳዩ ሁልጊዜ እራት ላይ የነበረ ሰው ነው።

ስለዚህ የሰቆጣውን የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ ልጅ ካለ መቼቱን አላጣለትም። ሸቀጡን እሱ ይምረጥ፤ ማር ይሁን፣ ጥይት ይሁን፣ ከመሐል አገር በኪስ የገባ ሐሺሽ ይሁን፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። ሦስት ጓደኛሞች ይኑሩት። ሁለቱ ዋጋ ሲደራደሩ፣ እዚህ እንደሚደረገው፣ ሦስተኛው እንዳይሰማቸው ከአማርኛ ወደ አገሩ ቋንቋ ወደ ኽምጣና ይግቡ። ሦስተኛው ከሌላ አገር መጥቶ ያገባ፣ «እኔ እኮ ቋንቋችሁን አልችልም» እያለ ዓመታት የኖረ፣ እንደ ወንድም የታየ ሰው ይሁን። ሚስቱ ቤት ውስጥ ለልጆቿ የምታወራው በኽምጣና ነው፤ ይህን ግን ሁለቱ አላሰቡትም። ሰውየው ሁሉንም እንደሚሰማ አንባቢው በስንተኛው ምዕራፍ ይወቅ በሚለው ላይ ከደራሲው ጋር እስኪነጋ ልከራከር እችላለሁ። «ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም» ከሚለኝ ጋር ግን ክርክሬን ጨርሻለሁ።